ከሆሳዕና እስከ ናታል

የአዲስ አበባ ሰው ሁለት ቀን እረፍት ሲያገኝ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ውሃ ያለው የት ነው?» ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፤ ኪሱ ትንሽ ደህና ከሆነ ደግሞ አርባ ምንጭ ወይም ባሕር ዳር። የእኔ ታላላቆች ምጽዋን ያወራሉ፤ አሸዋውን፣ ሙቀቱን፣ ዓሣውን። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን ያ ሁሉ ትዝታ ብቻ ሆኖ ቀረ። እኛም ያገኘነውን ሐይቅ ሁሉ ባሕር እያልን እንጽናናለን። እናም አንድ ወዳጄ «ቅዳሜና እሁድን የት ነህ?» ሲለኝ «ሆሳዕና» ብዬ ብመልስለት ፊቱን አጨማደደ።

«እዚያ ሐይቅ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ፍል ውሃስ?»

«እኔ እንጃ።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?»

ምን ልሠራ እንደምሄድ እኔም በቅጡ አላሰብኩበትም ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ተማሪዬ የነበረ ሰው ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። መስቀል በመጣ ቁጥር ይደውላል። «መምህር፣ ዘንድሮስ አይመጡም?» ማስተማር ከተውኩ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ «መምህር» የሚለኝ ሰው እየተመናመነ ሄዷል፤ ታክሲ ውስጥማ «አባባ ጠጋ ይበሉ» መባል ጀምሬያለሁ። ስለዚህ «መምህር» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካለ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ምን አላት? ባለፈው ጥቅምት፣ ዝናቡ ቆም ሲል፣ አንድ አርብ ጧት አባዱላ ተሳፍሬ ወጣሁ።

ዓለም ገና ላይ የጅማውን መንገድ ትተን ወደ ግራ ታጠፍን። ይህን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ታሪክ እንደ እህል የተዘራበት መንገድ ነው። መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ስትሻገሩ የጥንቱ ሰው የድንጋይ መሣሪያውን ሲጠርብ የኖረበትን ምድር እየረገጣችሁ ነው፤ ዩኔስኮም ከባልጪት ጋር አድርጎ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ትንሽ አለፍ ብሎ ጢያ አለ፤ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች፣ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ። በሥራቸው የተቀበሩት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ድንጋዮቹ አይናገሩም። የእኛ አባዱላ ተሳፋሪም አልጠየቃቸውም፤ ረዳቱ የመዝሙሩን ድምፅ ከፍ አደረገው፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ስልኳን ግንባሯ ላይ ደግፋ ተኛች፣ ጢያም አለፈ። ቡኢ፣ ቡታጅራ፣ ቅበት፣ ወራቤ። ከቡታጅራ ወዲያ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት እየበዛ ይሄድና ሆሳዕና ስትደርሱ እንሰቱ ከተማ ገብቶ ታገኙታላችሁ። እንሰት ባለበት አገር ገጠሩ የት እንዳለቀ፣ ከተማው የት እንደጀመረ መለየት ያስቸግራል። እኔ ይህን እወድለታለሁ።

ሆሳዕና ደጋማ ናት። ብርዷ የዋዛ አይደለም። አሮጌ ስሟ ዋቸሞ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከምባታ ገዥ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው ናቸው «ሆሳዕና» ብለው የሰየሟት ይባላል፤ ምክንያቱም የሆሳዕና በዓል ነው ይላሉ። አዲስ መጥ ሹም የሌላውን አገር በበዓሉ ስም መጥራቱ እዚህ ብቻ የሆነ አይደለም፤ ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ። ዋቸሞ ግን ጨርሶ አልሞተም፤ ዩኒቨርሲቲው ወርሶታል። እኔ እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ሁለት ስም ያለው ከተማ ይመቸኛል፤ ሁለት ስም ያለው ሰው ቢያንስ አንድ ታሪክ አይጠፋበትም።

ሌላም ለውጥ አለ። እኛ ተማሪ ቤት ስንውል የሸዋ ክፍለ ሀገር የነበረችው ከተማ በኋላ «ደቡብ» ተባለች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ክልል ፈርሶ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ መቀመጫው ሆሳዕና ሆነች። ከተማዋ አንዲት ጋት ሳትንቀሳቀስ ከደቡብ ወደ ማዕከል ተዛወረች ማለት ነው። ይህን ቀልድ ለአስተናጋጄ ብነግረው ፈገግ አለና፣ «መምህር፣ እዚህ እኮ ‘ደቡብ’ ሲባል እኛን ማለት መሆኑ ከቀረ ቆይቷል» አለኝ።

«ማንን ማለት ነው ታዲያ?»

«ደቡብ አፍሪካን ነዋ።»

አስተናጋጄ የሚኖረው ባለ ሦስት ፎቅ፣ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ቤት ውስጥ ነው። አንደኛው ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቷል። ስገባ «ደህና ቤት ይዘሃል» አልኩት። «የተማሪዬ ቤት ነው» አለኝ። ተማሪው ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። አማርኛ ደካማ ነበር አሉ፤ ሠዋስው ሲባል ይተኛ ነበር። አሁን ደርባን ከተማ ሁለት ሱቅ አለው፣ መምህሩም በየወሩ ኪራይ ይከፍለዋል። የቤቱን ገንዘብ የሚቀበሉት ምድር ቤት የሚኖሩት አባቱ ናቸው። ካፖርት ለብሰው በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ልጃቸው ከሄደ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ አንድ ጊዜ መጥቶ መሠረቱ ሲቆፈር አይቷል፣ የቀረውን ግንባታ የተከታተለው በስልክ ቪዲዮ ነው። አባት ስልኩን ይዘው ደረጃ ለደረጃ እየወጡ «ይኸው ሳሎኑ፣ ይኸው መታጠቢያው» ሲሉ ልጅ ከዚያ ማዶ «ቀለሙን ቀይሩት» ይላል።

«ደርባን የባሕር ዳር ከተማ ነው» አልኳቸው ጨዋታ ለመጀመር።

«እንደዚያ ይባላል።»

«ባሕሩን አይቶታል? ምን ይመስላል ይላል?»

ትንሽ አሰቡ። «ስለ ባሕር ነግሮኝ አያውቅም» አሉ። «ስለ ብርድ ልብስ ነው የሚነግረኝ። ዱቤ ወስደው የማይከፍሉትን።»

ማታ የአስተናጋጄ ባለቤት አታካና ሠራች። ያልቀመሰ ሰው ምን እንዳመለጠው አያውቅም፤ ቡላው በወተትና በቅቤ ከተሠራ በኋላ ማንኪያችሁ ውስጡ ሲገባ ቅቤው ዳር ዳሩን ይከተለዋል። ለክብር እንግዳ የሚቀርብ የሐዲያ ምግብ ነው። «ጋሼ ይጨምሩ እንጂ፣ ይህን ብቻ በልተው ሊተዉት ነው?» እያለች ሦስት ጊዜ ጨመረችልኝ። ሐኪሜ ይህን ጽሑፍ እንደማያነብ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከእራት በኋላ ነው የመጣሁበት እውነተኛ ጉዳይ የተነገረኝ። አስተናጋጄ አንድ ተማሪ አለው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ። «ሃያ ዓመት ሳስተምር እንደዚህ የሚጽፍ ልጅ አላጋጠመኝም» አለኝ፤ ደብተሩንም አሳየኝ። እውነቱን ነው። ስለ እናቱ እንሰት ፋቂነት የጻፋት አንዲት ገጽ ነበረች፤ የፋቂዋ እጅ፣ የቃጫው ሽታ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀበረው ቆጮ፣ ሁሉም በቦታው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች እጅ እንደዚህ ያለች ገጽ ባገኝ ለሳምንት ደስ ይለኝ ነበር። ልጁ ግን ሊሄድ ነው። ወንድሙ ከደቡብ አፍሪካ ለደላላው ከፍሎለታል። «እርስዎ ቢነግሩት ምናልባት» አለ አስተናጋጄ፣ ዓረፍተ ነገሩንም አልጨረሰም።

እዚህ ላይ ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ማስረዳት ሳይኖርብኝ አይቀርም። ከዚህ አካባቢ ሰው ለሥራ መውጣት የጀመረው ትናንት አይደለም። አያቶቹ ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ ወርደው ሸንኮራ ቆርጠዋል። ሐዲያና በተለይ ከምባታ ከአገራችን እጅግ ሰው የበዛባቸው ገጠሮች ናቸው፤ እንሰት በጠባብ መሬት ብዙ አፍ ይመግባል፣ የመገበው አፍ ደግሞ አድጎ መሬት ይጠይቃል። አባት ያለውን ለአራት ወንድ ልጅ ሲያካፍል አራተኛው የሚደርሰው ጓሮ ነው። ጓሮ የደረሰው ልጅ አዲስ አበባ መጥቶ ጫማ ጠራጊ ሆነ፤ እኛም ለዓመታት ጫማችንን ዘርግተን ጋዜጣ እያነበብን ከየት እንደመጣ እንኳ ሳንጠይቀው ሳንቲም ወረወርንለት። ከዚያ አንድ ቀን ያ ልጅ ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፈተ ሲባል ተገረምን። ምኑ ይገርማል? በእግሩ አጠገብ ተቀምጦ ከተማን ያጠና ሰው ነው።

ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ጉዞ የበረታው ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሆሳዕና የመጣ አንድ የውጭ አገር ወንጌላዊ ወደ ደቡብ መንገድ እንደሚከፈት ተንብዮ ነበር ይባላል፤ በሐዲያ ስደት ላይ የጻፉ ተመራማሪዎችም ይህን ወሬ መዝግበውታል። አገሩ ሚሲዮናውያን ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሰበኩበት፣ አብዛኛው ሰው ወንጌላዊ አማኝ የሆነበት ነውና እንዲህ ያለ ቃል መሬት ላይ አይወድቅም። ትንቢቱን መመርመር የእኔ ሙያ አይደለም። መሬት የጠበበው ወጣት ግን ትንቢት ባይነገረውም መንገዱን ሳያገኘው እንደማይቀር እገምታለሁ። ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛኒያ፣ ከዚያ ማላዊ ወይም ሞዛምቢክ ወይም ዛምቢያ፤ ሆሳዕና ውስጥ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ ይህን ካርታ የማያውቅ ጎረምሳ አታገኙም። የጂኦግራፊ መምህር ቢሆኑ ኖሮ ሁሉም መቶ ከመቶ ይደፍኑ ነበር።

የመንገዱን ሒሳብም ያውቁታል። በሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ከተጫኑበት መኪና ሬሳቸው ተጣለ፤ ታፍነው ነበር። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ ኮንቴነር ሲከፈት 64 ሬሳና 14 በሕይወት የተረፉ ሰዎች ተገኙበት፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ 27 ሬሳ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ ፖሊስ ኢትዮጵያውያን ናቸው ብሎ ነው የገመተው። በአየር እጥረት የሞተ ሰው በሌላ ሞት ከሞተ ሰው የሚለየው ቀስ ብሎ መሞቱ ነው፤ ቴቴ ላይ የተረፉት 14ቱ ይህን ሲያዳምጡ ነው የደረሱት።

እሁድ በአንጋጫ በኩል ወደ ዱራሜ ሄድን። ልጁም አብሮን መጣ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያዳምጥ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የሚያደርግ። ዱራሜ የከምባታ ዋና ከተማ ናት፤ ከበላይዋ ሐምበሪቾ ተራራ ይታያል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። ለጎብኚ ተብሎ 777 ደረጃ ተሠርቶለታል። ቁጥሩን የመረጠው ሰው ጉልበቱ ጤነኛ እንደነበር አልጠራጠርም። አስተናጋጄ የሚያናግረው ሰው አገኘሁ ብሎ ሆን ብሎ ከታች ቀረ። እኔና ልጁ ወጣን። መቶ አርባኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ፤ እሱም አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ መምህሬ ያመጡዎት እኔን እንዲመክሩ ነው አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ባለፈው ወር መጋቢ አምጥተው ነበር።»

ሳቄ መጣ። መጋቢው ምን እንዳሉት ጠየቅኩት። «ጸለዩልኝ» አለ። «መጀመሪያ እንዳልሄድ ጸለዩ። መጨረሻ ላይ፣ ከሄደም ጠብቀው አሉ።»

ያየሁትን ገጽ አመሰገንኩለት። አመሰገነኝ። መጻፍ እንደሚችል ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለ፤ በትዕቢት አይደለም፣ ቁመቱን የተነገረው ሰው እንደሚለው። ከዚያ በተራው ይጠይቀኝ ጀመር። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ስንት ናቸው? 3.2 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶችስ? ከአንድ ሺሕ በላይ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሏል አልኩት። «ትንሽ» አለ። «እኔ አልፋለሁ እንበል። አራት ዓመት። ከዚያ መምህር። መምህሬ ጎበዝ ናቸው፣ ማስተርስ አላቸው። የሚከራዩት የማንን ቤት ነው?»

ዝም አልኩ። ምን ልበለው? እኛ የተማርን የምንባል ሰዎች የምንወዳት አንዲት ስብከት አለችን፤ «አገርህ ላይ ሠርተህ መለወጥ ትችላለህ» የምትል። ልጆቻችንን ለካናዳ ፎርም እያስሞላን የምንሰብካት ስብከት ናት። ያቺን ሐምበሪቾ ደረጃ ላይ ይዤ መውጣት አስጠላኝ። ስለዚህ ቴቴን አነሳሁበት።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ያልደወለ ዘመድ አለን። እናቱ ልቅሶ አልተቀመጠችም። ስልኳን ቻርጅ ሳታደርግ አትተኛም።»

ከዚያ እኔ የማውቀውን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ ደርባን ሄጄ ነበር። ከተማው ያምራል፤ ሕንድ ውቅያኖስ ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ፣ ሰው በማለዳ በባሕሩ ዳርቻ ሲሮጥ፣ ወጣቶች ሰሌዳ ይዘው ማዕበል ላይ ሲንሸራተቱ ታያላችሁ። ያ የባሕር ዳርቻ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ድረስ በቆዳ ቀለም የተከፋፈለ ነበር፤ ጥቁር ሰው ምርጥ በተባለው አሸዋ ላይ እግሩን ማሳረፍ አይችልም ነበር። በሁለተኛው ቀን ገበያ አካባቢ ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ ተሸክሞ የሚሄድ ወጣት አየሁ፤ መልኩ ነገረኝ፣ በአማርኛ ጠራሁት። የሆሳዕና ልጅ ነበር። «ሎኬሽን» የሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ በየቤቱ እየዞረ በዱቤ ይሸጣል። አምስት ዓመት ተቀምጧል። ባሕሩ ዳር ወስጄ ቡና ልጋብዘው ብል ፈራ፤ ያን ቀን የሚሰበስበው ዱቤ ነበረው። «ባሕሩን አይተኸዋል?» አልኩት። «ከታክሲ ውስጥ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል፤ አንገቱ ላይ ጠባሳ ነበር፣ ሲያወራ በኮሌታው ይሸፍነዋል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በግንቦት 2008 እ.ኤ.አ.፣ በመላ ደቡብ አፍሪካ መጤ ጠሎች ከ60 በላይ ሰው ሲገድሉ ስለዚያ ልጅ አሰብኩ። በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ደርባን ላይ የኢትዮጵያውያን ሱቆች ሲቃጠሉም አሰብኩ። በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. በዚያው ክፍለ ሀገር ዝርፊያ ሲነሳም እንዲሁ።

ልጁ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ። «ኋላ ምን ሆነ?»

«አላውቅም።»

«ቤት ሠርቶ ይሆናል» አለ።

ደክሞኝ ስለነበር፣ ደግሞም የቀድሞ መምህር አመል አይለቅምና፣ ወደማውቀው ታሪክ ሸሸሁ። ደርባን ያለችበት ክፍለ ሀገር ክዋዙሉ ናታል ይባላል። ናታል በፖርቱጋልኛ የጌታ ልደት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1497 መጨረሻ ቫስኮ ዳ ጋማ ወደ ሕንድ ሲያልፍ የልደት በዓል በዚያ የባሕር ጠረፍ ስለያዘው አገሩን ናታል አለው፤ ነዋሪዎቹን ስማችሁ ማን ነው ብሎ ሳይጠይቅ። «እንደ ሆሳዕና» አለ ልጁ ወዲያው። እንደ ሆሳዕና።

ፖርቱጋሎች በዚያ ባሕር የሚዞሩት ቅመም ፍለጋ ብቻ አልነበረም። በምሥራቅ አለ የሚባለውን ክርስቲያን ንጉሥ፣ የእኛን ንጉሥ፣ ይፈልጉ ነበር። ከዚህ በኩል ደብዳቤ የጻፈችላቸው ደግሞ ንግሥት እሌኒ ናት። እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነች፤ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት ሆና ቤተ መንግሥት ገባች፣ በልጅነቱ ለነገሠው ለልብነ ድንግል ደግሞ ሞግዚት ሆና አገር መራች። የያኔው ሐዲያና የዛሬው ሐዲያ ዞን ድንበራቸው አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን የእሌኒን ነገር ሆሳዕና ላይ ሳላነሳ ልተወው አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክት ላከች፤ እናንተ በባሕር ብርቱ ናችሁ፣ እኛ በባሕር ኃይል የለንም፣ እንተባበር የሚል ሐሳብ ነበረበት። ባሕር አይታ ታውቅ እንደነበር እንጃ። መልእክቱን የያዘው ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነው።

«ስንት ዓመት ፈጀበት?» አለ ልጁ።

«ሊዝበን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1514 ነው። ተመልሶ ምጽዋ ሲወርድ 1520 ነበር።»

«በመንገድ አሠሩት?»

ጥያቄው ገረመኝ። «አዎ፤ ሰላይ ነህ፣ አጭበርባሪ ነህ ብለው አንገላቱት።»

«ግን ደረሰ።»

«ደረሰ። አገር በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞተ እንጂ።»

«ደርሶ ነዋ የሞተው» አለ።

ይህን ሲል ከእኔ ጋር እየተከራከረ አልነበረም። ቁጥር እየደመረ ነበር። ተነሳና ልብሱን አራገፈ። «ጋሼ፣ ከላይ ድረስ ልሂድና ልምጣ?» አለኝ። ሂድ አልኩት። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወጣ፤ ጉም እስኪውጠው አየሁት። እኔ ተቀምጬ ታች ያለውን አገር ተመለከትኩ፤ እንሰት፣ ቆርቆሮ፣ እንሰት፣ ቆርቆሮ፣ ጋት ታህል ባዶ መሬት የለም። እንዲህ ጥቅጥቅ ብሎ የለማ ገጠር የት አለ? እንዲህ ከለማ ምድር ልጅ የሚወጣው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚል ሰው ካለ እዚያች ደረጃ ላይ አንድ ሰዓት ይቀመጥ።

ልጁ ሲመለስ «ምን ይታያል?» አልኩት።

«ዛሬ ጉም ነው» አለ።

ከተራራው ስንወርድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ ስለ ምክር ሳይሆን ስለ ጽሑፍ። ያቺ የእንሰት ገጽ አላለቀችም፤ እናቲቱ ቆጮውን ቀብራ ትነሳለች፣ ከዚያ ይቆማል። ለምን አቆምከው አልኩት። «ከዚያ በኋላ የሚሆነው ቆጮው እስኪብላላ መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ እንዴት እንደሚጻፍ አላወቅኩም» አለኝ። ይህን ጥያቄ በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ አንድም ተማሪ አልጠየቀኝም። መንገዱን ሁሉ፣ ከዱራሜ እስከ ሆሳዕና፣ ሦስታችንም ስለዚያ ነበር የምናወራው፤ መጠበቅ እንዴት ይጻፋል? ሾፌሩ ሳይቀር ሐሳብ ሰጠ። እሱ እንዳለው የሚጠብቅ ሰው የሚሠራውን ትንሽ ትንሽ ነገር መጻፍ ነው፤ በር ላይ የሚወጣውን ወንበር፣ ቻርጅ የሚደረገውን ስልክ። የሁለት ቀን እረፍቴ ምርጥ ሰዓት ያ ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ሰኞ ጧት ልጁ ሻንጣዬን ይዞ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። ስለ ጉዞው ሁለታችንም አላነሳንም። የአከራዩ አባት ገና ብርዱ ሳይለቅ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ «ሰላም ግቡ» አሉኝ፣ ቀጥለውም «ደርባን ስልክ ብደውልልዎት ባሕሩን ይጠይቁታል?» ብለው ሳቁ።

ወዳጄ አዲስ አበባ ስገባ «እሺ፣ ውሃ አገኘህ?» አለኝ። ሰውዬው ከሐይቅ ሌላ ነገር የለውም።

አስተናጋጄ በቀደም ደውሎ ነበር። ልጁ የእንሰቷን ጽሑፍ ጨርሷታል፤ አራት ገጽ ሆናለች፣ በሚመጣው ሰው እልክልዎታለሁ አለኝ። ለፈተናው ተመዝግቧል። ፓስፖርትም አውጥቷል።